አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠብቁ ሰዎች

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቴአትር አልተማሩም። ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኮንንነት አጥንተው ነው የተመለሱት። በኋላ ዘመናቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የኢጣልያ ጦር ሲያንዣብብ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በቴራስ ሆቴል «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት አሳዩ። አውሬዎቹ የሹማምንቱን አሠራር ስለነኩ ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት። የአማርኛ ዘመናዊ ቴአትር የሚጀምረው ከዚህ ከታገደ ጨዋታ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሩ የተዋናይነት ሙያ የሚባል ነገር አልነበረምና፣ መድረኩ ላይ የወጡት ሁሉ በማግስቱ የሚመለሱበት ሌላ ሥራ የነበራቸው ሰዎች መሆን አለባቸው።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውን ያሳዩት ባስተማሯቸው ልጆች ነው። መላኩ በጎሰውም አስተማሪ ነበሩ። የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ መክፈቻ ሆኖ ሲታይ ደራሲው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። መንግሥቱ ለማ ሕንድ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ በዲፕሎማትነት ሠርተዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተመረቁት በሕግ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው ደግሞ በ1970ዎቹ መባቻ ነው። ከቴራስ ሆቴል እስከዚያ ድረስ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል። ያን ሁሉ ጊዜ የአማርኛን ቴአትር በአመዛኙ ተሸክመው የቆዩት ለዕለት እንጀራቸው ሌላ ቦታ የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ ይህ ሆኖ ሳለ «አማተር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሲነገር የሚሰማው ሌላ ነው። ጋዜጠኛው «ከአማተርነት ወደ ሙያተኛነት ተሸጋገረ» ሲል ከጥሬነት ወደ ብስለት ማለቱ ነው። አማተር ገና ያልበሰለ፣ የሚጠብቅ፣ ነገ ሌላ የሚሆን ሰው ነው። የቃሉ ምንጭ የሆነው ላቲን ግን ስለ መብሰል አያወራም፤ ትርጉሙ አፍቃሪ፣ ወዳጅ ነው። አፍቃሪ ደግሞ ደረጃ አይደለም፤ ማንም ከአፍቃሪነት ወደ ሌላ ነገር አይሸጋገርም፤ ወይ ያፈቅራል ወይ ይተዋል። ትቶ የሚመለስም አለ። ይህ ሐተታ የሚመለከተው ይህንን የመጨረሻውን ሰው ነው።

ይህን ሰው ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ያደገ ነው። የመጀመሪያ መድረኩ የወላጆች ቀን ነበር፤ ከአያቱ የተበደረውን ጋቢ ደርቦ፣ አገጩ ላይ ጥጥ ለጥፎ፣ ፀጉሩን በዱቄት አንጥቶ የመንደር ሽማግሌ ሆኖ ተጫውቷል። ጭውውቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ጥጡ በአምስተኛው ደቂቃ ወደቀ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱም የወደቀውን ጢም አንሥቶ «ዕድሜ ነው የጣለው» ብሎ ነገሩን አዳነው። ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት፤ ለበዓል በተዘጋጀ መንፈሳዊ ድራማ ላይ ያለቀሰችው ልቅሶ እናቶችን አስለቅሷል። በሃያ ዓመታቸው የአማተር ክበብ ነበራቸው፤ የልምምድ ቦታ ለምነዋል፤ በራሳቸው ኪስ ፖስተር አሳትመዋል። ከዚያ ሥራ መጣ፤ ትዳር መጣ፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የታመመ ወላጅ። ማንም «ከዛሬ ጀምሮ ቴአትር ትቻለሁ» ብሎ አላወጀም። አንድ ልምምድ ቀረ፣ ሁለተኛው ቀረ፣ ስልኩም ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ከዚያ በአርባኛው ዓመት ግድም አንድ የድሮ ጓደኛ ደውሎ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ንባብ አለን፤ አንድ ሰው ጎድሎናል» ይላል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ «ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ግን ሰው ጊዜውን እንዴት እንደሚያወጣ ተጠግቶ ለተመለከተ ትንሽ ያጠራጥራል። «ሞቼአለሁ፣ እንኳን ለቴአትር ለመተኛትም ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ለቀብር ከቢሮ ወጥቷል፤ ማታ ለቅሶ ቤት አምሽቷል፤ ቅዳሜ ሠርግ አጅቧል፤ እሑድ የእድር ስብሰባ ተቀምጧል። እድሩ በደንቡ የቀረውን ይቀጣል። ማኅበርተኛው ድግሱ ሲደርሰው ብድር ወስዶም ቢሆን ይደግሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ትርፍ ጊዜ ተገኝቶለት አይደለም፤ እዚያ የሚጠብቁት ሰዎች ስላሉና መቅረቱ ስለሚታወቅ ነው። ሰው የሰዓቱን ጥበት ሲቆጥር የሚቆጥረው በአብዛኛው ማንም የማይጠብቅበትን ነገር ብቻ ነው። ሩጫው፣ ንባቡ፣ የውጭ ቋንቋ ትምህርቱ ሁሉ የሚቀረው ሰውዬው ራሱን ብቻ ስለሚያስቀይም ነው። ከራስ ጋር ያለ ቀጠሮ ሲሰረዝ ከሳሽ የለውም።

ቴአትር ከሌሎቹ የምሽት ፍቅሮች የሚለየው በዚህ ነው። ሥዕል ለብቻ ይሣላል፤ ግጥም እኩለ ሌሊት ላይ ልጆች ከተኙ በኋላ ይጻፋል። ትዕይንት ግን ለብቻ አይጠናም። በልምምድ ክፍል ውስጥ የቀረን ሰው ቃል አዘጋጁ ከወረቀት ላይ እያነበበ ሲተካ ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አዘጋጁ በደረቁ ያነባል፤ ተቃራኒዋ ተዋናይ የምትቆጣበት ፊት የላትም፤ ትዕይንቱ ሬሳ ይሆናል። ሁለት ሰው መጥቶ ሦስተኛው ከቀረ ሦስቱም እንደቀሩ ነው። ስለዚህ አማተር የቴአትር ቡድን ከመዝናኛ ይልቅ የሚቀርበው ለማኅበርና ለሰንበቴ ነው። ደመወዝ የለም፤ ግዴታ አለ። ግዴታውን ያኖረው መንግሥት ወይም አለቃ ሳይሆን የሌሎቹ በሰዓቱ መገኘት ነው።

ይህ ንጽጽር አንድ ተቃውሞ ያስነሣል። እድር ሰው ይቀብራል፤ ቴአትር ምን ያደርጋል? ሀዘንተኛን ብቻውን አለመተው ግድ ነው፤ የአንድ ተውኔት ሁለተኛ ገቢር ቢበላሽ ግን ማን ይጎዳል? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን የዚህ አገር ሰው ጨዋታንና ቁም ነገርን እንዲህ በግንብ ለይቶ ኖሮ አያውቅም። በግእዝ «ተዋነየ» ማለት ተጫወተ ማለት ነው፤ «ተውኔት»ም «ተዋናይ»ም ከዚያው ይወጣሉ። በድሮው ለቅሶ አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት በግጥም ስታወርድ፣ ፈረሱ ተጭኖ ጋሻው በሰው እጅ ተይዞ ሲዞር፣ ሀዘኑ ራሱ መድረክና ተመልካች ነበረው። ፎካሪው ሲፎክር ጦሩን የሚሰብቀው በዓየር ላይ ነው፤ ጠላት የለም፤ የሚያየው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰው በጋራ የሚጫወተው ነገር በጋራ ከሚያዝነው ነገር ብዙም ሩቅ ሆኖ አያውቅም።

ጥንታዊ ግሪኮች ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። አርስቶትል ሰው የሚሠራው ለማረፍ ነው ይላል፤ ዕረፍት ሲል ግን መጋደም ማለቱ አይደለም። ዕረፍትን «ስኮሌ» ይሉታል፤ ትምህርት ቤት ለሚለው የብዙ አውሮፓ ቋንቋዎች ቃል ሥሩ ይኸው ነው። ለሥራ መጠመድ ራሱን የቻለ ስም አልሰጡትም፤ «አስኮሊያ»፣ ዕረፍት ማጣት ይሉታል። አማርኛ የሄደው በተቃራኒው ነው። እኛ ስም የሰጠነው ለሥራ ሲሆን ያልሠራውን «ሥራ ፈት» ብለን ሰደብነው። ስለዚህ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ልምምድ የሚሄድ የቤተሰብ ኃላፊ ለጎረቤት ምን ብሎ እንደሚነግር ይቸግረዋል። «ስብሰባ አለኝ» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። «ቴአትር ላጠና» ቢል «በዚህ ዕድሜ?» ይባላል፤ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ላይ ቢያበቃም ትርጉሙ ይቀጥላል።

በአቴናም ቢሆን የመዘምራኑን ቡድን የሚሞሉት ተራ ዜጎች ነበሩ። ለልምምዱ ጊዜ ከውትድርና ግዴታ ነፃ ይደረጉ ነበር። ማለትም ከተማዪቱ የዘማሪውን ምሽት ከወታደሩ ቀን ጋር አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጣዋለች።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ከጀርመን ደቡብ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ያለ አንድ መንደር ነው። ኦበራመርጋው ይባላል፤ ነዋሪው አምስት ሺህ ገደማ ነው፤ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1633 ወረርሽኝ ሲፈጃቸው የመንደሩ ሰዎች ተሳሉ፤ መቅሠፍቱ ከተነሣልን የክርስቶስን ሕማማትና ሞት በየዐሥር ዓመቱ በቴአትር እናሳያለን አሉ። በ1634 ጀመሩ፤ ጥቂት ጊዜያት ከመስተጓጎሉ በቀር እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የ2020ው ትርኢት በኮሮና ምክንያት ወደ 2022 ሲገፋ ታሪኩ ዞሮ የገጠመ መሰለ፤ በወረርሽኝ የተጀመረውን ወረርሽኝ አዘገየው። ትርኢቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ አንድ መቶ ጊዜ ገደማ ይታያል፤ አንዱ ትርኢት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በትርኢቱ የሚሳተፈው ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ነው፤ የመንደሩ ተወላጅ መሆን፣ አለዚያም ሃያ ዓመት እዚያ መኖር ግድ ይላል። ከውጭ ተቀጥሮ የሚመጣ ተዋናይ የለም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ምን ያደርጉታል? መልሱ የሚገኘው በአደረጃጀቱ ውስጥ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሚናዎች ለሁለት ለሁለት ሰው ይሰጣሉ። ዛሬ ጲላጦስ የሆነው ሰው ነገ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ ሌላው ጲላጦስ ከሥራው ተነሥቶ ይፈርዳል። ክርስቶስም ሁለት ነው፤ ይሁዳም ሁለት ነው። የሙያ ቴአትር ቤት ተለዋጭ ተዋናይ የሚያዘጋጀው በሕመም ለሚቀር ነው፤ ኦበራመርጋው ግን መቅረትን ከመጀመሪያው ቆጥሮ፣ ሰው ኑሮ እንዳለው አምኖ ያዋቅራል። አንድ ሌላ ደንብ አለ፤ ይሄኛው ያስቃል። ከትርኢቱ በፊት ባለው ዓመት ዐቢይ ጾማቸው ከሚገባበት ረቡዕ ጀምሮ ወንዶቹ ፀጉራቸውንና ጢማቸውን አይቆረጡም፤ የሮማ ወታደር የሚሆኑት ሲቀሩ። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ እንደ ባሕታዊ ጎፍሮ ይውላል። ሚናው መድረክ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ ቢሮ ይገባል፤ ከደንበኛ ፊት ይቀርባል። በኑሮና በቴአትር መካከል ያለው ድንበር አገጭ ላይ ይበቅላል።

ኦበራመርጋውን ያለ ነውር ማቅረብ ግን አይገባም። ተውኔቱ ለብዙ ዘመን አይሁዶችን በጥላቻ የሚስል ስለነበር ሲወገዝ ኖሯል፤ ጽሑፉ በቅርብ ዐሥርት ዓመታት በብዙ ተሻሽሏል። ሁለተኛው ነውር ወደዚህ ሐተታ ጉዳይ ይበልጥ ይጠጋል። ያገባች ሴትና ዕድሜዋ ከ35 ያለፈ ሴት መድረክ ላይ እንዳትወጣ ደንቡ ይከለክል ነበር። ክልከላውን ያነሣው ፍርድ ቤት ነው፤ ዘመኑም ሩቅ አይደለም፣ 1990 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ወንዱ ትዳሩንም ጢሙንም ይዞ ሲመለስ፣ ሴቲቱ ግን ባገባች ማግስት ማርያም መሆን አይቻላትም ነበር።

በኢትዮጵያም በመጀመሪያዎቹ የቴአትር ዓመታት የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ያ ቀርቷል። ዛሬ የሚከለክል ደንብ የለም፤ ድስት ግን አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሲሄድ «ዛሬ አመሻለሁ» የሚል አንድ መልእክት ይበቃዋል። ሴቲቱ በዚያው ሰዓት ለመድረስ ማለዳ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ወጥ ሠርታ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ዘመድ ለምና፣ ለአማቷ ደውላ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልምምድ ሲያልቅ ደግሞ ታክሲ የለም፤ ቢኖርም የሰፈሯ መንገድ መብራት የለውም። «ፍላጎቱ ያለው ጊዜ አያጣም» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ አንድ ወገን ብቻ ነው። በብዙ ቤት የአንዱ ተዋናይ ምሽት የሚገዛው በሌላው ሰው ድካም ነው፤ ይህን ሳይቆጥሩ ስለ ጥበብ ፍቅር ማውራት የሌላን ሰው ገንዘብ እንደ መመጽወት ነው። የኦበራመርጋው ሰዎች የደረሱበት ዘዴ፣ አንድ ሚና ለሁለት ሰው መስጠት፣ እዚህ ቢሞከር ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ሴቶቹን ነው። ሰኞ አንዷ ትለማመዳለች፣ ሐሙስ ሌላዋ። ዳይሬክተሮች አይወዱትም፤ አንድ ትዕይንት ሁለት ጊዜ ማስጠናት ያታክታል። ቢሆንም ከባዶ ወንበር ይሻላል።

በግድ የታዘዘ ፍቅርም ነበረን፤ መርሳት አይገባም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ሸማኔውም ፈታዩም፣ ተማሪውም ወታደሩም ዘፍኗል፣ ተውኗል። ከዚያ የወጡ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች ስለመኖራቸው አይካድም። ነገር ግን መፈክሩ ከላይ ይመጣ ነበርና ብዙው ሥራ ከዘመኑ ጋር ተቀበረ። የጋራ ግዴታ ያልነው ነገር በአዋጅ ሲመጣ ጨዋታነቱን ያጣል፤ እድርም ቢሆን ቀበሌ ሲያዝዘው እድር አይሆንም።

ስለ አማተሮች ሲወራ ሁለት ታሪኮች ደጋግመው ይነገራሉ። አንዱ የአንድሬ አንትዋን ነው። አንትዋን በፓሪስ የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። ቀን መዝገብ እየጻፈ ማታ እያስጠና በመጋቢት 1887 እ.ኤ.አ. «ነፃ ቴአትር» ያለውን ከፈተ። ለመድረኩ የቤት ዕቃ መግዣ አልነበረውምና የእናቱን የመመገቢያ ክፍል ጠረጴዛና ወንበር በእጅ ጋሪ እየገፋ ወሰደ። መድረክ ላይ የእውነት ዕቃ በማስቀመጥ የዘመናዊ ቴአትር አባት ከሚባሉት አንዱ ሆነ፤ መነሻው ግን እጥረት ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ስታኒስላቭስኪ ነው። እውነተኛ ስሙ አሌክሴዬቭ ሲሆን ቤተሰቡ በሞስኮ የወርቅና የብር ክር የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው፤ ክሩ ለካህናት ልብሰ ተክህኖና ለመኮንኖች ልብስ ይውል ነበር። እሱም በፋብሪካው ሥራ ላይ እየዋለ ማታ ይተውን ነበር። የመድረክ ስሙን ያወጣው የነጋዴ ልጅ ተዋናይ ሆነ እንዳይባል ለመደበቅ ነው። በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር ሲመሠርት ዕድሜው 35 ነበር፤ የቡድኑም ከፊሉ የመጣው ከእሱ የአማተሮች ማኅበር ነው።

ታሪኮቹ ያምራሉ። ያሳስታሉም። ሰሚው አማተርነት ትርጉም የሚያገኘው መጨረሻው ታላቅነት ሲሆን ብቻ ይመስለዋል፤ ወደ ልምምድ የሚመለሰው የአርባ ዓመት ሰው ግን አንትዋን አይሆንም። ይህን እሱ ራሱ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚሠራበትን ቦታ አይለቅም፤ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ አይታይም፤ ተውኔቱ አራት ጊዜ ታይቶ ያበቃል፤ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት እኩሌታው የተዋንያኑ ዘመዶች ናቸው። ጥያቄው እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ነገር ይበቃል ወይ የሚል ነው።

አንድ የሚቀር ነገር በዕድሜ ብቻ የሚገኝ ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጥጥ ለጥፎ ሽማግሌ የሆነው ልጅ የተጫወተው አረማመድን ነው፤ ጎበጥ አለ፣ ሳል አለ፣ በከዘራ መሬቱን መታ። በአርባ አምስት ዓመቱ ያንኑ ሽማግሌ ሲጫወት አባቱን ቀብሯል። አባቱ በመጨረሻ ወራት ከአልጋ ለመነሣት እንዴት ጠረጴዛውን ፈልጎ በእጁ ይዳስስ እንደነበር አይቷል። አሁን አይጎብጥም፤ እጁ ብቻ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ክፍል የለም። ያ ሰው ከቴአትር የራቀባቸው ሃያ ዓመታት እንደ ጠፉ ዓመታት ይቆጠሩ ነበር፤ ለካ ሳያውቀው ያጠና የነበረው ይህንኑ ሚና ኖሯል። ባለጉዳይን ሲያስተናግድ የሰማው የልመና ድምፅ፣ የልጁ የትኩሳት ሌሊት፣ ከአከራይ ጋር የተጣላበት ጠዋት ሁሉ ወደ ልምምድ ክፍል ይዞት የሚገባ ነው። እዚህ ላይ የሙሉ ጊዜ ተዋናዩ ሊቀናበት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ከተዋንያን ጋር የሚውል ሰው የሚያያቸው ተዋንያንን ነው።

የሚያስፈራው ቃል መያዝ ነው። በሃያ ዓመቱ አንድ ገቢር በሁለት ቀን የሸመደደ ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅበትና ተስፋ ይቆርጣል። በዚህ ነገር ላይ በአሜሪካ ለዓመታት ምርምር ያደረጉ ባልና ሚስት አሉ፤ ሔልጋ ኖይስ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ናት፣ ቶኒ ኖይስ ተዋናይና አዘጋጅ ነው። ያገኙት ነገር ደስ ይላል። ጥሩ ተዋንያን ቃሉን በመደጋገም አይሸመድዱም፤ ገጸ ባሕርዩ ይህን የሚለው ከፊቱ ካለው ሰው ምን ፈልጎ ነው እያሉ ይጠይቃሉ፤ ቃሉ ከፍላጎቱ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ቃልም ቆሞ ከተነገረው ይልቅ ይታወሳል። ጥንዶቹ ቴአትር ተጫውተው የማያውቁ አረጋውያንን ለአራት ሳምንት አሠልጥነው በማስታወስ ፈተና መሻሻል አሳይተዋል። የቆሎ ተማሪም ቢሆን ውዳሴውን ሲያጠና ቁጭ ብሎ አይደለም፤ እየተወዛወዘ ነው፤ ዝማሜም ከመቋሚያው ተነጥሎ አይጠናም። ስለዚህ ወረቀቱ ከእጅ የሚወጣበት ቀን ሲዘገይ ችግሩ ዕድሜ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሰውዬው ታክሲ ውስጥ ብቻውን ቃል እየደጋገመ ነው፤ ቃሉ የሚያዘው ግን ከሚመልስለት ሰው ፊት ነው።

ከአገር ውጭ ያሉት ይህን ሳያጠኑት ያውቁታል። በዋሽንግተን አካባቢ አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችው ጣይቱ የባህል ማዕከል ለስደተኛው ቴአትርና የግጥም ምሽት ሲያቀርብ ኖሯል። በዚያ አገር ብዙ ሐበሻ በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ነው፤ ሁለት ሥራ የያዘም ብዙ ነው፤ አንድ ምሽት ለልምምድ መተው ማለት በገንዘብ የሚቆጠር ነገር መተው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የአማርኛ ተውኔት በማያውቁ ሰዎች መካከል ቀኑን በሌላ ቋንቋ ሲሠራ የዋለ ሰው፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በአማርኛ ለመቆጣት፣ በአማርኛ ለማሾፍ ይመጣል። ቋንቋው ራሱ እየጠበቀው ነው ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት የሚታየው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እንደዚያው እየታየ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይዘልቃል። ለቴአትር ቤቱ ይህ የአዳራሽ ጥበት ያመጣው ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ለአማተሩ ግን የተሰፋለት ልብስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለብዙ ዓመት መገናኘት ሰንበቴ ያስለመደን ነገር ነው። የጎደለው ጊዜ አይደለም፤ ተመላሽ ሰውም አልጠፋም። የጎደለው ጣራ ነው። አማተሮች በየካፌው ጥግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነባሉ፤ አስተናጋጁ ሲመጣ የሞት ትዕይንቱን አቋርጠው ማኪያቶ ያዝዛሉ።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የወረዳ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ጉዳይ አለ። ያ ልጅ ጥጡ የወደቀበት አዳራሽ ዛሬም በቦታው አለ። ከወላጆች ቀንና ከስብሰባ ሌላ አይከፈትም፤ ወንበሮቹ ተደራርበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። በሳምንት አንድ ምሽት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቢከፈት የሚያስፈልገው አንድ አምፖልና የጥበቃው ፈቃደኝነት ነው። አማተሮቹ ወንበሮቹን ደርድረው፣ መልሰውም ደራርበው፣ ጠርገው ይሄዳሉ።